ጀማሪ ኳርተርባክን እስከ መቼ እንታገሥ?

ጥያቄ (ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ.)፦ «ሰላም ኮች። የምንኖረው ናሽቪል ነው። የ13 ዓመት ልጄ የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የቴነሲ ታይታንስ ነገር አይሆንለትም፤ እኔም ማየት የጀመርኩት በሱ ምክንያት ነው። ዘንድሮ ከድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾች ከሚመርጡበት ዙር) አንደኛ ሆኖ የመጣልን ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪና የማጥቃቱ መሪ) ካም ዋርድ ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ አምስቱን ተሸነፈ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ዋናው አሰልጣኝ ተባረረ። ልጄ ‹ያስቀምጡት፣ ሌላ ይግባ› ይላል። ባለቤቴ ጨዋታው ባይገባትም ‹የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል› እያለች ትስቅብናለች። በኛ ኳስ አጥቂ አምስት ጨዋታ ካላገባ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይሄኛውን ለምንድነው የሚታገሡት? እስከ መቼስ ነው?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። አንተ ልበልህ፤ ዕድሜያችን የሚቀራረብ ይመስለኛል። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሃይስኩል ኳርተርባኮችን ሳሰለጥን 14 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት እንዳንተው የእግር ኳስ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩ የት ላይ እንደከነከነህ ይገባኛል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ልጁን ታገሡት። በዙሪያው ያለውን ግን አንድ ሳምንትም አትታገሡ። ብዙ ቡድን የሚያደርገው ግልባጩን ነው። ጥበቃው (ፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት ተጫዋቾች) ሲያፈስ ዝም ይላል። አሰልጣኞቹ ሲምታታባቸው ዝም ይላል። በመጨረሻ ልጁን ያወጣና «ሞክረን ነበር» ይላል።

አሁን ወደ አጥቂህ ልምጣ። አጥቂ ባያገባ ተከላካይ በኮርና ሊያገባ ይችላል። ቡድኑ 1 ለ 0 አሸንፎ ይወጣል፣ አጥቂውም ሳምንት ይሰጠዋል። ኳርተርባክ እንዲህ ያለ መደበቂያ የለውም። ቡድኑ ሲያጠቃ ኳሱ ሁሌም ማለት ይቻላል በሱ እጅ ያልፋል። ሥራው ደግሞ መወርወር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

አንድ ፕሌይ (አንድ የማጥቃት ሙከራ) ሲያልቅ የ40 ሰከንድ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። አሰልጣኙ በሄልሜቱ ውስጥ ባለች ድምፅ ማጉያ ያናግረዋል። ሰዓቱ 15 ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ከዚያ ብቻውን ነው። የሰማውን ረጅም ጥሪ (የሚጫወቱትን ዕቅድ) ለአሥሩ ጓደኞቹ ሳያዛንፍ ይደግማል። መስመር ላይ ቆሞ ተቃራኒዎቹን ያያል። ማን ነው የሚመጣብኝ? ማን ነው የሚያስመስለው? ካልተመቸው ጥበቃውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዛውራል። ኳሱ እጁ ከገባ በኋላ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ አለው። በዚያች ጊዜ መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡ ነው።

ብዙዎቹ ጀማሪዎች ደግሞ ይሄን በኮሌጅ አልለመዱትም። ኮሌጅ ላይ ብዙ ቡድን ክብ ሠርቶ ጥሪ አይደግምም። ከሜዳው ዳር ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ይነሣል፣ እሱን አይተው ይጫወታሉ። የሄልሜት ሬዲዮው ራሱ ለትልልቆቹ ኮሌጆች የተፈቀደው 2024 ላይ ነው። ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገርም አለ። ሜዳው መሃል ላይ ሁለት ረድፍ አጫጭር ነጭ ምልክቶች አሉ። ኳሱ የሚቀመጠው በነሱ ላይ ወይም በመካከላቸው ነው። በኮሌጅ ሁለቱ ረድፎች 40 ጫማ ይራራቃሉ። በፕሮፌሽናሉ 18 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ላይ ኳሱ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ዳር ይጠጋል፣ በሌላው ወገን ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፣ ተከላካዩ ማን ጋ እንደሚሄድ ገና ሳይጀመር ይነበባል። ፕሮፌሽናሉ ጋ ኳሱ ሁሌም መሃል አካባቢ ነው። ተከላካዮች ዕቅዳቸውን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ይደብቁታል።

ዋርድ አምና በማያሚ ዩኒቨርሲቲ 39 የታችዳውን (በናንተ ኳስ እንደ ጎል ያለ) ኳስ ወርውሯል። ዘንድሮ በስድስት ጨዋታ ሦስት ብቻ ወርውሮ አራት ተጠልፎበታል፤ ማለትም የወረወረውን ተቃራኒ ቀምቶታል። ክንዱ በስድስት ወር አልደከመም። የሚያነበው መጽሐፍ ነው የተቀየረው።

አሁን ጓደኞችህ የሚያመጡልህን ክርክር ላንሳ። «ፔይተን ማኒንግም እኮ መጀመሪያ ላይ ተቸግሮ ነበር» ይሉሃል። ማኒንግ ኖክስቪል ላይ ለቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ ስለሆነ እናንተ አገር ስሙ በየቦታው ነው። እውነታቸውን ነው። 1998 ላይ በኢንዲያናፖሊስ ጀማሪ ሳለ 28 ኳስ ተጠልፎበታል። እስከ ዛሬ የጀማሪ ሪከርድ ነው። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ቴሪ ብራድሾው በ1970 ስድስት ታችዳውን ወርውሮ 24 ተጠልፎበታል፤ በኋላ አራት ሱፐር ቦል (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) ወስዷል። ትሮይ ኤክማን በ1989 በጀመራቸው 11 ጨዋታዎች ሁሉንም ተሸንፏል፤ እሱ ደግሞ ሦስት ወስዷል።

ይሄን ዝርዝር እኔም እወደዋለሁ። ግን ያታልላል። የምንዘረዝረው የተሳካላቸውን ነው። በዚያው በ1998 ድራፍት ከማኒንግ ቀጥሎ ሁለተኛ የተመረጠው ራያን ሊፍ በሳንዲያጎ ሁለት ታችዳውን ወርውሮ 15 ተጠልፎበታል። እሱንም የታገሡት ነበሩ፣ አልሆነም። ልዩነቱን እየው። ማኒንግ 28 ሲጠለፍበት 26 ታችዳውንም ወርውሯል። እየሞከረ ነበር የሚሳሳተው። ጠባብ ቦታ ያያል፣ ይወረውራል፣ ይቀሙታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያችኑ ቦታ ይለያታል። የስሕተቱን ብዛት ከቆጠርክ ሁለቱም ወድቀዋል። ዓይነቱን ካየህ ግን አይገናኙም።

ታዲያ ዓይነቱ ከሶፋ ላይ ሆኖ እንዴት ይታወቃል? እግሩን እይ። ይሄን ለማንም ወላጅ የምለው ነው። ቴሌቪዥኑ ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል፣ አንተ ግን እግሩ ላይ ቅር። ጥሩ ኳርተርባክ ወደ ኋላ ሲሄድ እግሩ ቆጥሮ ይረግጣል። አምስት እርምጃ፣ አንድ ዝላይ፣ ወረወረ። ዓይኑ ሩቅ ነው። ጥበቃው ሲያፈስ በግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይላል፣ ዓይኑ ግን እዚያው ሩቅ ነው። የተመታ ልጅ እንዲህ አይደለም። ማንም ሳይነካው እግሩ ይርገበገባል። ዓይኑ ከሩቁ ወርዶ የሚመጡበትን ሰዎች ማየት ይጀምራል። ያኔ ችግሩ ከጭንቅላት ወደ ሰውነት ገብቷል ማለት ነው። ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አይወጣም።

ሂውስተን ቴክሳንስ 2002 ላይ አዲስ ሲመሠረት ዴቪድ ካርን አንደኛ አድርጎ መረጠው። ጥበቃ ሳያበጅለት አስገባው። በአንድ ሲዝን 76 ጊዜ ሳክ ተደረገ፣ ማለትም ኳሱን ሳይወረውር ተጣለ። ይሄም ሪከርድ ነው፣ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ሰውየው ተሰጥኦ ነበረው። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠበቀውን ሆኖ አያውቅም። ሳም ዳርኖልድ ደግሞ 2019 ላይ ለኒውዮርክ ጄትስ ሲጫወት ማይክ ተገጥሞለት ነበር። ኒው ኢንግላንድ እያሯሯጡት ሳለ ወንበር ላይ ተቀምጦ «መናፍስት እያየሁ ነው» ያለው በቴሌቪዥን ወጣ። አገር ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ያልኩህን ነገር በራሱ አፍ ነው የተናገረው። ዳርኖልድ ቡድን ከቡድን ተንከራቶ 2024 ላይ ሚኔሶታ ገባ። ጥሩ አሰልጣኝና ጥሩ ተቀባዮች አገኘ። ቡድኑ 14 ጨዋታ አሸነፈ። ያው ልጅ ነው እኮ!

እኔም አንድ ልጅ አበላሽቻለሁ። 15 ዓመቱ ነበር፣ ክንዱ የሚገርም። የመስመር ተጫዋቾቻችን ያን ዓመት ቀጫጭኖች ነበሩ፣ ልጁ በየጨዋታው ይወድቃል። ዓይኑ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር አየሁ። «ወንድ ሁን፣ ቁም» አልኩት። ማድረግ የነበረብኝ ጥሪዎቹን አሳጥሬ ኳሱ ቶሎ ከእጁ እንዲወጣ ነበር። በአራተኛው ጨዋታ አስቀመጥኩት። በዓመቱ ቤዝቦል ገባ። እናቱን እስከ ዛሬ ግሮሰሪ ሳገኛት እሸማቀቃለሁ።

ወደ እናንተ ቤት እንመለስ፣ ምክንያቱም የዚህ ጥያቄ ምርጥ ምሳሌ ቴነሲ ራሷ ናት። ስቲቭ ማክኔርን ጠይቅ፣ ልጅህ ባያውቀው ጎረቤት ያውቀዋል። 1995 ላይ ሦስተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ቡድኑ ያኔ ሂውስተን ነበር፣ ኦይለርስ ይባል ነበር። የመጣው አልኮርን ስቴት ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። አሰልጣኙ ጄፍ ፊሸር በሁለት ዓመት ውስጥ ያስጀመረው ስድስት ጨዋታ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ ያኔ የሚጫወተውን ኳርተርባክ ክሪስ ቻንድለርን ያያል፣ ይማራል። ከ1997 ጀምሮ ወንበሩ የሱ ሆነ። በ1999ኙ ሲዝን ሱፐር ቦል አደረሳችሁ፤ በአንድ ያርድ ተሸነፋችሁ። 2003 ላይ ከማኒንግ ጋር የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ተካፈለ።

ከዚያ 2015 መጣ። ማርከስ ማሪዮታ ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። ቡድኑ አንድ አሸንፎ ስድስት ሲሸነፍ አሰልጣኙ ኬን ዊዘንሃንት ተባረረ። ሲዝኑ በ3 ድልና በ13 ሽንፈት አለቀ። ከዘንድሮው ጋር ሲታይ ያስደነግጣል አይደል? ማሪዮታ በሁለተኛው ዓመት ተሻሻለ፣ ቡድኑም 9 አሸነፈ። ግን አሰልጣኝ ሲቀያየርበት፣ ሲጎዳ፣ 2019 ላይ ቦታውን ለራያን ታኒሂል አስረከበ። ስለዚህ ታሪካችሁ ሁለቱንም መልስ ይዟል። የማክኔርን ዓይነት ትዕግሥትም፣ የማሪዮታን ዓይነት ግማሽ ትዕግሥትም።

ትንሽ ወሬ ልጨምር። ማክኔርን በትዕግሥት ያሳደገው ያው ጄፍ ፊሸር 2016 ላይ ሎስ አንጀለስ ራምስን ሲያሠለጥን ጃረድ ጎፍን ይዞ ነበር። ጎፍ በጀመራቸው ሰባት ጨዋታዎች ሰባቱንም ተሸነፈ። ፊሸርም ሲዝኑ ሳያልቅ ተባረረ። ቀጣዩ አሰልጣኝ ሾን ማክቬይ ልጁን አልቀየረም። የግራ ጥበቃውን ለአንድሩ ዊትዎርዝ ሰጠ፣ አዳዲስ ተቀባዮች መጡ፣ የጥሪው ቋንቋ ቀለለ። በማክቬይ ሁለተኛ ዓመት ጎፍ ሱፐር ቦል ላይ ቆሞ ነበር። ፊሸር መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም። በ1995 የሠራው ዘዴ በ2016 አልሠራም፣ በቃ።

ለዋርድስ? የዋና አሰልጣኙ የብራያን ካላሃን መባረር ለልጅህ መጥፎ ዜና ሊመስለው ይችላል። ለኔ ዘግይቷል ወይስ ቸኩሏል የሚለው ብዙም አያጨቃጭቀኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዋርድ በሄልሜቱ ውስጥ የሚሰማው ነገር ገና በስድስት ሳምንት ስንቴ ተቀየረ? ጨዋታ ይጠራ የነበረው ካላሃን ነበር። ቡድኑ ሦስቱን በተከታታይ ሲሸነፍ ጥሪውን ለቦ ሃርድግሪ ሰጠ። አሁን ደግሞ ማይክ ማኮይ ተጠባባቂ ዋና አሰልጣኝ ሆኗል። ለጀማሪ ይሄ በአንድ መንፈቅ ሦስት አስተማሪ እንደመቀያየር ነው። ጥር ሲመጣ ሌላ አዲስ ሰው ይመጣል። ያ ሰው ዋርድን የሚፈልግ መሆን አለበት። አሪዞና 2018 ላይ ጆሽ ሮዘንን አሥረኛ አድርጎ መረጠ። በዓመቱ አዲስ አሰልጣኝ መጣ፣ ሌላ ኳርተርባክ፣ ካይለር መሪን አመጣ፣ ሮዘን ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የትም አልተረጋጋም።

ያየሁበት ጥሩ ነገርም አለ። ከሂውስተኑ የ26 ለ 0 ሽንፈት በኋላ ቡድናችን አይረባም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። የተጠቀመበት ቃል ከዚህ የባሰ ነው፣ ለልጅህ አትተርጉምለት። በሳምንቱ አሪዞና ላይ በአራተኛው ሩብ 21 ለ 6 እየተመራ ነበር። 22 ለ 21 አሸነፉ። ዕድልም ነበረበት፣ አልክድህም፤ የተጠለፈበት ኳስ ከጠላፊው እጅ አምልጦ ለነሱ ታችዳውን ሆነ። ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ ለካልቪን ሪድሊ የወረወራት ረጅም ኳስ ዕድል አይደለችም። አምስቴ ወድቆ ተነሥቶ ያችን የሚወረውር ልጅ እግሩ ገና አልተበላሸም። በሃይስኩል የነበረበት ቡድን መወርወር የማይወድ፣ በሩጫ የሚጫወት ቡድን ነበር። ትልልቆቹ ኮሌጆች ዞር ብለው አላዩትም። ከታች መጀመር አዲሱ አይደለም።

ይቀመጥ ወይ ለሚለው፣ አሁን አይቀመጥ። ከኋላው ያለው ብራንደን አለን ልምድ ያለው ሰው ነው፣ ግን የወደፊታችሁ አይደለም። እግሩ መርገብገብ ከጀመረ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ማስቀመጥ ቅጣት ሳይሆን ሕክምና ይሆናል። ካሮላይና ብራይስ ያንግን 2023 ላይ አንደኛ አድርጎ መርጦ፣ በዓመቱ 62 ጊዜ ሳክ ተደርጎ፣ ቡድኑ 2 አሸንፎ 15 ተሸነፈ። 2024 ላይ በሁለተኛው ጨዋታ ማግስት አስቀመጡት። ሁሉም «አለቀለት» አለ፣ እኔም ጭምር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የተካው አንዲ ዳልተን በመኪና አደጋ አውራ ጣቱን ሲጎዳ ተመለሰ። ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። የሲዝኑን መጨረሻ አትላንታን 44 ለ 38 አሸንፎ ዘጋ፣ ሦስት ታችዳውን ወርውሮ ሁለት በእግሩ አስገብቶ።

«እስከ መቼ» ላልከው ቀን ልስጥህ። የመጀመሪያው ዓመት ፈተና የለውም፣ ትምህርት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ የአምናውን ስሕተት ሳይሆን አዲስ ስሕተት ሲሠራ ማየት አለብህ። ያንኑ የሚደግም ከሆነ ጥርጣሬ ጀምር። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ገንዘቡ ይጠይቃል። ከ2011 ወዲህ የጀማሪ ደመወዝ ጣሪያ አለው። 2010 ላይ ሳም ብራድፎርድ አንድ ኳስ ሳይወረውር 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ተሰጥቶት ነበር። በዓመቱ ካም ኒውተን በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ፈረመ። የዋርድ ውል በአራት ዓመት ወደ 48 ሚሊዮን ነው፤ የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት ግን በአንድ ዓመት 60 ሚሊዮን ያገኛል። ለዋርድ ያልከፈሉትን ገንዘብ ለጥበቃና ለተቀባይ ማዋል የሚችሉት አሁን ነው። የአምስተኛውን ዓመት አማራጭ (ውሉን በአንድ ዓመት የማራዘም መብት) ይዘን እንቀጥል ወይስ እንተወው የሚለውን ግንቦት 2028 አካባቢ መወሰን ግዴታቸው ነው። ትዕግሥታችሁ እስከዚያ ነው።

ከዚያ በፊት የሚያስቆመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስንፍና። ኦክላንድ በ2007 አንደኛ አድርጎ የመረጠው ጃማርከስ ራስል ክንዱ ተዓምር ነበር፣ በሥራው ግን ብዙ ተወቅሷል። 2010 ላይ አሰናበቱት። እዚያ ላይ መታገሥ ጊዜ ማባከን ነው። በዋርድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክስ አልሰማሁም።

አሁን እሑድን እንጠብቅ። ከቅዳሴ መልስ ትደርሱበታላችሁ። የሚመጡባችሁ ኒው ኢንግላንድ ናቸው፣ አሰልጣኙ ደግሞ የቀድሞው አሰልጣኛችሁ ማይክ ቭሬብል። ስታዲየሙ እንደሚጮህ ይታየኛል። አንተ ግን ኳርተርባካቸውን ድሬክ ሜይን እይልኝ። አምና ጀማሪ ነበር። መጀመሪያ አምስት ጨዋታ አስቀመጡት። ከዚያ አስገቡት፣ ቡድኑ 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፣ አሰልጣኙ በዓመቱ ተባረረ። ዘንድሮ ቭሬብል መጣ። ከድራፍቱ አራተኛ ሆኖ የተመረጠ የግራ ጥበቃ አመጡለት። ስቴፎን ዲግስን አስፈረሙለት፣ ያ 2020 ላይ ቡፋሎ ለኳርተርባኩ ለጆሽ አለን ያመጣለትን ተቀባይ። አለን በመጀመሪያ ዓመቱ ከሚወረውረው ኳስ 52.8 በመቶው ብቻ ነበር የሚያዝለት፤ ዲግስ በመጣ ዓመት 69.2 በመቶ ደረሰ። ሜይ ደግሞ አሁን ከስድስት አራቱን አሸንፏል፣ ቡፋሎንም በሜዳቸው ጭምር።

ስለዚህ ልጅህ ደብተር ይያዝ። በአንድ ገጽ የዋርድን፣ በሌላው የሜይን። ኳሱ ከእጃቸው ሳይወጣ ስንቴ ተነኩ? ስንቴ እግራቸው ያለ ምክንያት ተርገበገበ? ውጤቱን እንዳይጽፍ፣ እሱን ቴሌቪዥኑ ይነግራችኋል። ሲያልቅ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝና ከልጁ ጋር እንከራከርበታለን።